ኢትዮጵያና ሳዑዲ ዓረቢያ፦ ገበያውን የሚከፍተውና የሚዘጋው የእንስሳት ሐኪሙ ፊርማ ነው

ወደብ ናፋቂ

የኢትዮጵያና የሳዑዲ ዓረቢያ ግንኙነት በተነሳ ቁጥር ወሬው ሁሉ ጉብኝትና የመግባቢያ ሰነድ ነው። ንግዱን ለመረዳት ግን ከቤተ መንግሥት ይልቅ ከማቆያ በረት፣ ማለትም ለውጭ የሚላክ እንስሳ ለጤና ምርመራ ከሚቆይበት ግቢ፣ መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ።

ሁለት ቀኖችን አስተያዩ። እ.ኤ.አ. መስከረም 16 ቀን 2018 የኢትዮጵያና የኤርትራ መሪዎች ጅዳ ላይ በንጉሥ ሰልማን ፊት የሰላም ስምምነት ፈረሙ። ዲፕሎማሲው ከዚያ በላይ ሊሞቅ አይችልም ነበር፤ ያ ፊርማ ግን ለአንድ መንጋ ፍየል የሚጠየቀውን የጤና ምስክር ወረቀት አይተካም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2000 በሳዑዲዋ ጂዛን አካባቢ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሲከሰት፣ በመንግሥታቱ መካከል ቅያሜ ሳይኖር የአፍሪካ ቀንድ የቁም እንስሳት ንግድ በአንድ ውሳኔ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1998ም በዚያው በሽታ ሰበብ ተዘግቶ ነበር። በሶማሊያ እንስሳት ላይ የተጣለው እገዳ እስከ 2009 ቆይቷል።

ሌላም ነገር አለ። ኢትዮጵያ ለዓለም ንግድ ድርጅት አባልነት እ.ኤ.አ. በ2003 አመልክታ ከሃያ ዓመት በላይ በድርድር ላይ ቆይታለች፤ ሳዑዲ በ2005 ገብታለች። አባል ያልሆነ አገር «የጤና እገዳው ከሳይንሱ በላይ ሄዷል» ብሎ ክስ የሚያቀርብበት መድረክ የለውም። የሚቀረው የሁለትዮሽ ንግግርና የቴክኒክ ፕሮቶኮል ብቻ ነው።

ሥራውን የምታውቁ በዝርዝር ጻፉልን። ዕቃው የሚሰናከለው የት ነው? ለምን?


የቆላ ሐኪም

በትክክል አስቀምጠኸዋል። ሳዑዲዎች ለምን በዚህ በሽታ ላይ እንደሚጨክኑ ካልገባን ግን መደራደርም አንችልም።

የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ቫይረስ በትንኝ ይተላለፋል። የአንዳንድ ትንኞች እንቁላሎች ቫይረሱን ይዘው በደረቅ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያሉ፤ ያልተለመደ ከባድ ዝናብ ሲጥልና ዝቅተኛ ቦታው ሲጥለቀለቅ ይፈለፈላሉ። ከዚያ ነፍሰ ጡር በጎች በጅምላ ይጨነግፋሉ፣ ግልገሎች ይረግፋሉ። ሰው ደግሞ በትንኝ ብቻ ሳይሆን በእርድ ጊዜ ከደም ጋር በመነካካትም ይያዛል። በሐጅ ሰሞን በጥቂት ቀን ውስጥ፣ በጠባብ ቦታ፣ ቁጥሩ እጅግ የበዛ እንስሳ ይታረዳል። ጥንቃቄው የመጣው ከዚህ ነው። የበግ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የሕዝብ ጤና ነው።

ችግሩ ለአቅመ እርድ የደረሰ ወንድ በግ ወይም ፍየል ተይዞም ጤነኛ ሊመስል መቻሉ ነው። ስለዚህ በዓይን ማየት አይበቃም፤ ደም ይወሰዳል። በምርመራው ሁለት ዓይነት ፀረ እንግዳ አካል ይታያል። አይጂኤም የሚባለው ከተገኘ በሽታው የቅርብ ነው፤ ያንን እንስሳ ብቻ ሳይሆን አብሮ የገባውን ቡድን በሙሉ ያስይዛል። አይጂጂ ብቻ ከተገኘ ያለፈ ኢንፌክሽን ወይም ክትባት ነው። እዚህ ላይ አርቢውም ነጋዴውም የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ በምርመራ ወቅት ክትባቱን ከበሽታው መለየት አይቻልም። «ለጥንቃቄ» ተብሎ ገዢው አገር ሳያውቅ የተከተበ መንጋ ራሱን ጥርጣሬ ውስጥ ይከታል።

ማቆያው ቢያንስ 21 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ብሩሴሎሲስ የሚባለው የሚያስጨነግፍ በሽታም ይመረመራል። የበጎችና የፍየሎች ደስታ መሰል በሽታ ከተያዙ በ4 እስከ 6 ቀን ምልክት ስለሚያሳይ በማቆያው ውስጥ ይገለጣል። የሚገባው ግን ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው፦ ከሦስትና ከአራት ገበያ የተለቀመ እንስሳ በአንድ መኪና ሲጫን። አንዱ የታመመ ሌላውን ያዳርሳል፤ በ10ኛው ቀን በረቱ በሙሉ አፍንጫው ይዝረበረባል፣ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ 21 ቀኑ ከአንድ ይቆጠራል።


ተማሪ

የቆላ ሐኪም፣ እናመሰግናለን። ክትባቱን ገበያ ላይ ከተገዙ በኋላ መስጠት አይቻልም? ለደስታ መሰሉም ለአፍተግርም።


የቆላ ሐኪም

ይቻላል፤ ግን ሰዓቱን ማወቅ ያስፈልጋል።

የደስታ መሰሉ ክትባት ሕያው ነው። አንድ ጊዜ ከተሰጠ ለእርድ እንስሳ ዕድሜውን ይበቃዋል። የሚበላሸው በአያያዝ ነው፦ ከተበጠበጠ በኋላ በበረዶ ሳጥን ተይዞ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ አለበት። በቆላ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ቀትር የዋለ ጠርሙስ ውሃ ነው።

የአፍተግሩ የተለየ ነው። የተገደለ ቫይረስ ስለሆነ አንድ መርፌ ጠንካራ መከላከያ አይሰጥም። ከ3 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ይደገማል፤ መከላከያውም በወራት የሚቆጠር እንጂ የዕድሜ ልክ አይደለም። በዚህ ላይ ኦ፣ ኤ፣ ሳት 1 እና ሳት 2 የሚባሉት ዓይነቶች አንዱ ለሌላው አይሆንም። በአንድ አካባቢ ኦ እየተሰራጨ በኤ ብቻ መከተብ ገንዘብ መጣል ነው። ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ክትባቱን ያመርታል፤ የአፍሪካ ኅብረት የክትባት ጥራት መቆጣጠሪያ ማዕከልም እዚያው ቢሾፍቱ ነው። ለድርድር ትልቅ ሀብት ነው፤ ሲጠቀስ ግን አልሰማም።

በሚጫኑበት ዕለት መከተብ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው። መከላከያው ሳይፈጠር መንገዱ፣ ጥማቱና መጨናነቁ ይቀድማል።

አንድ ነገር ልጨምር። አርብቶ አደሩ እንስሳውን የሚለየው ጆሮ በመሰንጠቅ ወይም በመቁረጥ ነው። ለሥጋ ምንም አይደለም፤ ለመሥዋዕት ግን ጆሮው የተቆረጠ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ፣ የሚያነክስ እንስሳ ያስጥላል። ዕድሜም አለ፦ በግ 6 ወር፣ ፍየል 1 ዓመት፣ ከብት 2 ዓመት፣ ግመል 5 ዓመት ያላነሰ። ይህንን ገበያ ላይ ሳይሆን አርቢው መንደር ሄዶ ማስረዳት ይጠይቃል፤ በፕላስቲክ የጆሮ መለያ የሚተካው እዚያ ነውና።


ቄራ 4 ዲግሪ

የቁም እንስሳው ጣጣ ይህን ያህል ከሆነ መፍትሔው እዚሁ አርዶ ሥጋውን መላክ ነው የሚል ሐሳብ በየመድረኩ ይነሳል። ትክክል ነው፤ ግን ሥጋውም የራሱ ጣጣ አለው።

መጀመሪያ ሂሳቡ። ገልፍ (የባሕረ ሰላጤው አገሮች) የሚፈልገው ትንሽ ካርካስ፣ ማለትም ታርዶና ተገፎ ያልተቆራረጠ ሙሉ ሥጋ፣ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ፍየል 42 በመቶ ሥጋ ቢሰጥ 8.4 ኪሎ ነው። አንድ ቶን ለመላክ ወደ 119 ፍየል ይታረዳል፤ 10 ቶን ለመጫን ወደ 1,190። ይህንን ቁጥር በየቀኑ፣ በተመሳሳይ መጠንና ዕድሜ፣ ከቦረና፣ ከአፋርና ከሶማሌ ቆላ ማግኘት ነው ፈተናው። የሞጆና የቢሾፍቱ የኤክስፖርት ቄራዎች ከአቅማቸው በታች የሚሠሩት ማሽን አንሷቸው አይደለም።

«ደጋ በግ ሞልቶ የለ?» የሚል ይኖራል። የደጋ በግ ሥጋ ከቀዘቀዘ በኋላ ቶሎ ይጠቁራል፤ የገልፍ ገዢ ደግሞ በዓይኑ ነው የሚገዛው። ለዚህ ነው የቆላ ፍየልና ጥቁር ራስ የሶማሌ በግ የሚመረጠው።

ቆላውም ቢሆን ካልተጠነቀቁለት ይጠቁራል። እንስሳው ከያቤሎ ሞጆ ድረስ በረሃብና በጥማት ሲመጣ በጡንቻው ያለው ስኳር ያልቃል። ከእርድ በኋላ አሲድ የሚሆነው ያ ስኳር ነው። የጤነኛ ሥጋ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ 5.5 – 5.7 ይወርዳል፤ የደከመው እንስሳ ከ6 በላይ ይቀራል። ሥጋው ጥቁር፣ ደረቅና የሚያጣብቅ ይሆናል፣ ባክቴሪያም በፍጥነት ያፈራል። መድኃኒቱ ርካሽ ነው፦ ቄራው በረት ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት፣ ውሃ እንደ ልብ፣ ጥላ፣ ዱላ የሌለበት አያያዝ። ይህን አንድ ቀን ለመቆጠብ ሲባል ሙሉ ጭነት ይወድቃል።

ማቀዝቀዙም ልክ አለው። ሞቃቱ ካርካስ በ24 ሰዓት ውስጥ መሐል ሥጋው ከ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረድ አለበት። ግን ቶሎም መቀዝቀዝ የለበትም! ፒኤቹ ከ6 በታች ሳይወርድ ጡንቻው ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ይኮማተራል፤ ሲበስል እንደ ጎማ ይሆናል። ስብ የሌለው ትንሽ የፍየል ካርካስ ደግሞ ከማንም ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 8 – 10 ሰዓታት ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ጠንከር ብሎ ነው። ሙቀቱን ግድግዳው ላይ ባለው መለኪያ ብቻ የሚያነብ ሰው አየሩን እንጂ ሥጋውን አያውቅም፤ መርፌ መለኪያው ከታፋው ወፍራም ክፍል ውስጥ መግባት አለበት።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ካርካስ በስስ የጥጥ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ በማቀዝቀዣ መኪና ወደ ቦሌ። ከሞጆ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ችግሩ መንገዱ ላይ ሳይሆን አውሮፕላኑ ሥር ነው። በረራው ሁለት ሰዓት ሲዘገይ ሥጋው ፀሐይ ላይ ይቆያል። በላዩ ጤዛ ይወጣል፤ ጥጡ ይረጥባል፤ ሪያድ ሲደርስ ዝልግልግ ብሎ ይገኛል። ከጭነቱ መሐል የሙቀት መመዝገቢያ ማስቀመጥ ጥፋቱ የት እንደደረሰ በሰዓት ለይቶ ያሳያል። ያለ እሱ ክርክሩ የቃል ብቻ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ቄራው ራሱ በሳዑዲ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ዝርዝር ውስጥ መግባት አለበት። አገር መፈቀዱ ብቻ አይበቃም፤ ተቋሙም በስሙና በቁጥሩ መፈቀድ አለበት። የሐላል ምስክር ወረቀቱም እነሱ ከሚቀበሉት አካል መሆን ይኖርበታል።


ጫሌ መስመር

ቄራ 4 ዲግሪ «ቆላው እንስሳ አይገኝም» ያልከው ትክክል ነው፤ የት እንደሚሄድ ደግሞ ይታወቃል። በድንበር ከተማዋ ቶጎ ጫሌ አድርጎ ሐርጌሳ፣ ከዚያ በርበራ ወደብ። ቀሪው በቦሳሶ ወደብ። እዚያ ማቆያ ገብቶ፣ ተመርምሮ፣ የሶማሊያ ወይም የሶማሌላንድ እንስሳ ተብሎ ጅዳ ይወርዳል። ሳዑዲ የኢትዮጵያን ፍየል እየበላች ነው፤ ስሙ ብቻ የኢትዮጵያ አይደለም።

ይህንን «ኮንትሮባንድ» ብሎ ማውገዝ ቀላል ነው። ነጋዴው ለምን እንደሚመርጠው ማየት ይበልጣል። ከጅግጅጋ በርበራ ከጅቡቲ ይቀርባል። ደላላውና ጠባቂው ዘመድ ነው፤ መተማመኛው በጎሳ ይያዛል። ክፍያው በዶላር ወይም በዕቃ ወዲያው ነው። ሩዝ፣ ዘይት፣ ስኳርና ልብስ ይዞ ይመለሳል። በሕጋዊው መስመር ግን ፈቃድ አለ፣ የባንክ ፐርሚት አለ፣ ዝቅተኛ የመሸጫ ዋጋ አለ፣ ከሽያጩ የሚሰጥ የውጭ ምንዛሪ አለ። ጠባቂ ከማብዛት ይልቅ በሕጋዊው መስመር የሚጠፋውን ቀን መቀነስ ነው የሚያዋጣው።

በርበራን በተመለከተ ዱባይ ያለው ዲፒ ወርልድ እ.ኤ.አ. በ2016 የ30 ዓመት ውል ያዘ። በመጋቢት 2018 የባለቤትነት ድርሻው ዲፒ ወርልድ 51፣ ሶማሌላንድ 30፣ ኢትዮጵያ 19 በመቶ ተብሎ ታወጀ። እ.ኤ.አ. በ2022 ሶማሌላንድ ኢትዮጵያ ቅድመ ሁኔታዎቹን ስላላሟላች ድርሻዋን አጥታለች አለች። 19 በመቶ በእጅ ቢቆይ ኖሮ ኢትዮጵያ በዚያ ወደብ ላይ ለራሷ እንስሳት የትውልድ አገር ስያሜ ለመደራደር አቅም ይኖራት ነበር። የሚቆጨኝ ይሄ ነው።


ሰነድ መርማሪ

ስለ ክፍያ እስካሁን ማንም አልጻፈም፤ ብዙ ላኪ የሚወድቀው ግን ባንክ ቤት ነው።

የቀዘቀዘ ሥጋ በአየር ሲላክ የሚሰጠው የጭነት ሰነድ፣ ኤይርዌይ ቢል፣ እንደ መርከቡ ቢል ኦፍ ሌዲንግ የባለቤትነት ሰነድ አይደለም። ተቀባይ ተብሎ የተጻፈው ሰው መታወቂያውን አሳይቶ ዕቃውን ይወስዳል። ስለዚህ «ሰነድ ሲደርስ ክፍያ» የሚለው ውል ላይ ገዢውን በቀጥታ ተቀባይ አድርጎ መጻፍ ዕቃውን በዱቤ መስጠት ማለት ነው። ገዢው ሥጋውን ሸጦ ሲጨርስ ሰነዱ ባንክ ቤት ተኝቶ ይገኛል። መከላከያው ኤይርዌይ ቢሉ ላይ ተቀባይ የገዢው ባንክ እንዲሆን ማድረግና ገዢውን «ይታወቅ» በሚለው ሳጥን ውስጥ ብቻ መጻፍ ነው። ባንኩ ግን አስቀድሞ መስማማት አለበት፤ ሳይጠየቅ ስሙ የተጻፈ ባንክ የመልቀቂያ ደብዳቤ ላይሰጥ ይችላል፣ ሥጋ ደግሞ ደብዳቤ አይጠብቅም። ለአዲስ ገዢ ቅድመ ክፍያ ከሁሉም ይሻላል።

ኤል ሲ (የገዢው ባንክ ለሻጩ የሚሰጠው የክፍያ ዋስትና) ከተከፈተ ሌላ ወጥመድ አለ። ካርካስ በማቀዝቀዣ ውስጥ ከ2 እስከ 3 በመቶ ክብደት ይቀንሳል፤ 10 ቶን ላይ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ማለት ነው። በትኩስ ክብደት ውል ፈርሞ በቀዝቃዛ ክብደት የሚጭን ሰው ኢንቮይሱና የጤና ምስክር ወረቀቱ አይገጥሙለትም። ዓለም አቀፉ የኤል ሲ ደንብ፣ ዩሲፒ 600፣ በአንቀጽ 30 ብዛቱ በኪሎ ወይም በቶን ከተገለጸ የ5 በመቶ ልዩነት ይፈቅዳል፤ ጠቅላላ ክፍያው ከኤል ሲው መጠን እስካላለፈ ድረስ። በፍሬ ቁጥር ከተገለጸ ግን ይህ መብት የለም። ስለዚህ «1,190 ካርካስ» ተብሎ የተከፈተ ኤል ሲ አንድ ካርካስ ቢጎድል ውድቅ ነው። በኪሎ ይከፈት፤ «ገደማ» የሚለው ቃል ከተጨመረበት ደግሞ ልዩነቱ 10 በመቶ ይሆናል።

ሰነድ ማቅረቢያው ዕቃው ከተጫነ በኋላ ከ21 የቀን መቁጠሪያ ቀናት አይበልጥም፤ ባንኩ ለመመርመር 5 የባንክ የሥራ ቀናት አለው። ሰነዶቹ የሚመለሱባቸው ምክንያቶች ደግሞ ሁልጊዜ ጥቃቅን ናቸው፦ የጤና ምስክር ወረቀቱ ቀን ከጭነቱ ቀን በኋላ ሆኖ መገኘቱ፣ የገዢው ድርጅት ስም ከዓረብኛ ሲገለበጥ በአንዱ ሰነድ በአንድ ፊደል፣ በሌላው በሌላ ፊደል መጻፉ። የገዢውን ስም ከንግድ ፈቃዱ ላይ እንዳለ ቀድቶ ለትራንዚተሩ፣ ለሐኪሙም፣ ለባንኩም አንድ ዓይነት አድርጎ መላክ ግማሹን ራስ ምታት ያስቀራል።


ወደብ ናፋቂ

ሰነድ መርማሪ፣ እጅግ ጠቃሚ ነው። የብር ተመኑ ከተለቀቀ በኋላስ? ላኪው ሕጋዊውን መስመር የሚመርጥበት ምክንያት ጨምሯል?


ሰነድ መርማሪ

ጨምሯል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 29 ቀን 2024 የወጣው የብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ መመሪያ፣ ኤፍኤክስዲ/01/2024፣ ሲመጣ ላኪው ካገኘው የውጭ ምንዛሪ 50 በመቶውን በሒሳቡ እንዲያቆይ ተፈቀደለት፤ ቀሪውን ለባንኩ በድርድር ዋጋ እንዲሸጥ ተደረገ። ከዚያ በፊት 70 በመቶው ለብሔራዊ ባንክ ይሄድ ነበር፣ ላኪው የሚቀረው 20 በመቶ ነበር። ያኔ ብዙ ሰው ቡናም ሆነ ሥጋ በኪሳራ ይልክ የነበረው በዶላሩ ሸቀጥ አስመጥቶ ለማካካስ ነው። ዓለም ገበያ ላይ የራሳችንን ዋጋ የምንሰብረው ራሳችን ነበርን።

ለማነጻጸር ያህል የኤምሬትን መንገድ እዩ። በሐምሌ 2024 የሁለቱ ማዕከላዊ ባንኮች የ3 ቢሊዮን ድርሃምና የ46 ቢሊዮን ብር የገንዘብ ልውውጥ ስምምነት ፈረሙ። ስታካፍሉት ድርሃም 15.3 ብር ገደማ ነው፤ ስምምነቱ የተፈረመው ከተመን ለውጡ በፊት እንደሆነ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። ድርሃም በ3.6725፣ ሪያል በ3.75 ከዶላር ጋር ስለታሰሩ ለላኪ በዶላር መዋዋልም በነሱ ገንዘብ መዋዋልም የምንዛሪ አደጋው አንድ ነው። የሚለወጠው ብሩ ብቻ ነው። ስለዚህ በድርሃም ወይም በሪያል መገበያየት የሚጠቅመው በመካከል ያለውን የዶላር ተቀባይ ባንክ ክፍያና ቀን ለማስቀረት ያህል ነው።


ሐረር ጀንፈል

ውይይቱ በሥጋ ተጥለቀለቀ፤ ሳዑዲ ከኢትዮጵያ ቡና ዋና ዋና ገዢዎች አንዷ መሆኗ አይረሳ። ለቡና ሐኪም ስለማያስፈልግ እ.ኤ.አ. በ2000 እንስሳው ሲዘጋ ቡናው መሄዱን አላቆመም። የግንኙነቱ የማይናወጥ እግር እሱ ነው።

የሳዑዲ ገዢ የሚፈልገው በአብዛኛው በደረቁ የተዘጋጀ ቡና ነው፤ ሐረር ከሁሉ በላይ፣ ከዚያም ጅማና ለቀምቴ። ቡናው ገርጥቶ ብቻ ተቆልቶ ከሄል ጋር ስለሚፈላ እንደ አውሮፓው ጥቁር ቆላ ጉድለትን የሚሸፍንለት ነገር የለም። እርጥብ ሳለ ተከምሮ የሻገተ ቡና ጣዕሙ ወዲያው ይወጣል። እርጥበቱ ከ11.5 በመቶ ካለፈ ጅቡቲ ሙቀት ውስጥ ኮንቴነሩ ያልበዋል፤ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ የላይኛውን ረድፍ ጆንያ ያሻግታል። የኮንቴነሩን ጎንና ጣሪያ በወፍራም ወረቀት መሸፈንና እርጥበት መጣጭ ከረጢት መስቀል ወጪው ከአንድ ጆንያ ዋጋ አይደርስም።

መጠኑ ይታወቃል፦ በ20 ጫማ ኮንቴነር 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፣ በጠቅላላው 19.2 ቶን። ውሉ በቡናና ሻይ ባለሥልጣን ይመዘገባል፣ ናሙናው ይቀመሳል፣ ደረጃው ይወጣል፤ ሽያጩ ብዙውን ጊዜ ጅቡቲ መርከብ ላይ እስኪጫን ባለው ዋጋ ነው።

ትልቁ ጠብ የሚመጣው ከዋጋ መዋዠቅ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 የኒውዮርክ የአረቢካ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ፣ ከወራት በፊት በዝቅተኛ ዋጋ የፈረመ ላኪ ቡናውን ሳይገዛ ከነበረ ውሉን መፈጸም አልቻለም። ሳይገዙ መሸጥ ጀግንነት አይደለም። ቡናው መጋዘን ሳይገባ ቋሚ ዋጋ አትፈርሙ፤ የግድ ከሆነ ዋጋው በጭነት ወር የኒውዮርክ ተመን ላይ ተጨምሮ ወይም ተቀንሶ ይታሰር።


ቀይ ባሕር

ወደብ ናፋቂ የጀመርከው ሐሳብ ላይ በከፊል አልስማማም። ቴክኒኩ ወሳኝ ነው፤ ግን ቴክኒኩ የሚሠራበት ባሕር ፖለቲካ ነው።

ጅቡቲ ያለችው ከባብ ኤል መንደብ በስተደቡብ ነው። ጅዳ ደግሞ በስተሰሜን። ስለዚህ ወደ ጅዳ የሚሄድ እያንዳንዱ መርከብ ያንን ጠባብ በር ያልፋል። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ መርከቦች እየተመቱ ሲመጡ ትልልቆቹ የኮንቴነር መስመሮች መንገድ ቀየሩ፣ የጦርነት አደጋ መድን ዋጋ ተጨመረ። ዕቃውን ወደ ደማም ወይም ጀበል አሊ ላዙር የሚል ሰው ደግሞ የሆርሙዝ በር ይጠብቀዋል። ከኤምሬት ወደቦች ከሆርሙዝ ውጭ ያሉት እንደ ፉጀይራና ኮር ፈካን ያሉት ናቸው።

በዚህ ባሕር ጉዳይ ላይ ኢትዮጵያ ወንበር የላትም። እ.ኤ.አ. ጥር 6 ቀን 2020 ሪያድ ላይ የተመሠረተው የቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ተዋሳኝ አገሮች ምክር ቤት ሳዑዲን፣ ግብፅን፣ ዮርዳኖስን፣ ሱዳንን፣ ኤርትራን፣ የመንን፣ ጅቡቲንና ሶማሊያን ይዟል። ባሕር የሌላት አገር አልተጋበዘችም፤ ንግዷ ግን የሚያልፈው በዚያው ነው። ስለ በሽታ ቁጥጥር፣ ስለ ማቆያና ስለ እንስሳት መርከብ ደረጃ የሚወሰን ነገር ቢኖር የምትሰማው ከተወሰነ በኋላ ነው። ዲፕሎማሲው መሥራት ያለበት እዚህ ላይ ነው፤ ቢያንስ በቴክኒክ ኮሚቴ ደረጃ በታዛቢነት ለመቀመጥ።

የሠራተኛ ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2013 በተጀመረው አፈሳ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ 923/2008 እና ማሻሻያው 1246/2013 (ዓመቶቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው) የመጡት ከዚያ ቁስል በኋላ ነው። እህቶቻችን የሚልኩት ገንዘብ ከባንክ ይልቅ በሐዋላ ሲገባ፣ ሪያሉ እዚያው ጅዳ ለአስመጪ ይከፈላል፣ ብሩ እዚህ ለቤተሰብ። ያ ዶላር የኢትዮጵያን ባንክ አያውቀውም። የሠራተኛዋ መብትና ደመወዟ በባንክ መከፈሉ ከንግዱ የተለየ አጀንዳ ተደርጎ መታየቱ ስህተት ነው።


ወደብ ናፋቂ

ቀይ ባሕር፣ ተቀብያለሁ። እኔ ጉብኝት ብቻውን አይበቃም አልኩ እንጂ ዲፕሎማሲ አያስፈልግም አላልኩም። እንዲያውም ከተነሳው ሁሉ ለቀጣዩ የጋራ ኮሚሽን አጀንዳ የሚሆነው ግልጽ ነው፦ እገዳ ሲመጣ አገሪቱን በሙሉ ሳይሆን በሽታው የታየበትን ቀጠና ብቻ እንዲመለከት መስማማት። የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ደንብ ቀጠና መለየትን ይቀበላል። ሶማሌ ክልል ላይ ቢከሰት የቦረና ፍየል ለምን ይታገዳል?


የቆላ ሐኪም

ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ግን ቀጠና የሚከበረው እንቅስቃሴው ሲመዘገብ ነው። ፍየሉ ከየት ገበያ እንደተነሳ በጆሮ መለያ ካልተያዘ፣ ሳዑዲ «ይህ የቦረና ነው» ብትባል የምታምንበት ነገር የለም። ሁለተኛ፣ በሽታ ሲከሰት ቀድሞ ማሳወቅ ነው። የደበቀ አገር ከታወቀበት በኋላ ቀጠና ቢጠይቅ አይሰማም። ከባድ ዝናብ በተተነበየበት ዓመት ጠቋሚ መንጋ (በሽታው መግባቱን ቀድሞ እንዲያሳይ ለክትትል የሚያዝ መንጋ) አስቀምጦ በየወሩ ደም መውሰድና ውጤቱን ለገዢው አገር መላክ፣ ያውም ሳይጠየቁ፣ እገዳውን ከሚያሳጥሩት ነገሮች ሁሉ ይበልጣል።


ተማሪ

አንድ ጥያቄ ብቻ። ለመጪው ዒድ አል አድሐ በግ በጅቡቲ መላክ የሚፈልግ ሰው መግዛት መጀመር ያለበት መቼ ነው?


ጫሌ መስመር

ወደ ኋላ ቁጠር። የ2019 ዓ.ም. ዒድ አል አድሐ ግንቦት 8 አካባቢ ይውላል፤ በጨረቃዋ አንድ ቀን ሊለዋወጥ ይችላል። ጅዳ ላይ ለምርመራና ለማከፋፈል 10 ቀን ስጥ፦ ሚያዝያ 28 መድረስ አለበት። ለመጫንና ለባሕሩ ጉዞ 4 ቀን፦ ሚያዝያ 24። ማቆያው 21 ቀን፣ ላቦራቶሪው ቢዘገይ ወይም ደም በድጋሚ ቢወሰድ መጠባበቂያ 7 ቀን፦ መጋቢት 26 ጅቡቲ በረት ውስጥ መሆን አለበት። ለማሰባሰብ፣ ለመከተብና ለማጓጓዝ አራት ሳምንት ያስፈልጋል፤ የካቲት 28 ገደማ ትገዛለህ።


ቄራ 4 ዲግሪ

ቀኑ ደግሞ ጥሩ ላይ ወድቋል። በ2019 ሁዳዴ የሚገባው የካቲት 29 ነው፤ ረመዳን የሚያበቃውም በአንድ ሁለት ቀን ልዩነት ያኔ ነው። ማለትም ቄራው ለረመዳን የሚያርደው ሲቀዘቅዝና የደጋው ሰው ከሥጋ ሲታቀብ፣ የአዳማና የአዲስ አበባ ገበያ ይለቅቃል። በ2018 ግን ሁለቱ ጾሞች የካቲት 9 እና 11 ላይ ተከታትለው ስለገቡ ቄራውና የሐጅ ነጋዴው በአንድ መንጋ ላይ ይሻሙ ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ዋጋው ይሰቀላል፤ በዚያን ጊዜ የአንተ በጎች ማቆያ ውስጥ ከሌሉ ባትገባበት ይሻላል።